ትልቁን ፕሮፔለር አትላክለት

ወንድሜ፣ ጅቡቲ ያለው የወንድምህ ባለ ሸራ ጀልባ ናፍጣ ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር መድረስ ሲገባው 3,200 ላይ ቆሞ ጥቁር ጭስ ስለሚያወጣ «ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ልላክለት?» ብለሃል። እባክህ አትላክ! ችግሩ ይብስበታል።

እኛ ድሬዎች ይህን ከደንገጎ ዳገት እናውቀዋለን። ሙሉ ጭነት የያዘ አይሱዙ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ ያቃስታል፣ ጭሱም ይጠቁራል። ፒቹ የበዛ ፕሮፔለር፣ ማለትም በአንድ ዙር ብዙ ርቀት እንዲገፋ የተሠራ፣ ለጀልባ እንዲሁ ከባድ ማርሽ ነው።

መጀመሪያ ግን የጀልባው ሆድ ይታይ። በዚያ ሙቅ ባሕር ዛጎል ቶሎ ይጣበቃል፤ ፕሮፔለሩ ላይ የያዘው ቅርፊት ብቻውን ብዙ ዙር ይበላል። ሁሉም ይፋቅና ባሕሩ ጸጥ ባለበት ሰዓት ጋዙ እስከ መጨረሻ ተሰጥቶ እንደገና ይለካ።

ያኔም 400 ዙር ከጎደለ የፕሮፔለሩን እምብርት፣ ማለትም ዘንጉ የሚገባበትን መሃሉን፣ አስነብበው። ለምሳሌ 15 በ10 ተብሎ ተቀርጾ ከሆነ፣ 15ቱ የዲያሜትሩ ኢንች ነው፤ 10ሩ ፒቹ ነው፣ ማለትም ውኃው ባያንሸራትተው ኖሮ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት። አንድ ኢንች ፒች ሲቀነስ ሞተሩ በግምት ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። ስለዚህ 15 በ8 ፈልግለት።

ከመግዛትህ በፊት የዘንጉን ውፍረት፣ እንዲሁም ጀልባው ወደፊት ሲሄድ ዘንጉ ከኋላ ሲታይ ወደ ቀኝ ይዞር ወይም ወደ ግራ ጠይቀው። አቅጣጫው የተሳሳተ ፕሮፔለር ጀልባውን ወደኋላ ነው የሚወስደው። አብዛኛውን ጊዜ በሸራ የሚጓዝ ከሆነ ደግሞ ባለ ሁለት ክንፉ ውኃ ውስጥ ብዙ አይጎትተውም።