«ገብረ» ብቻውን ስም አይሆንም

ለበኩር ልጄ ስም ያወጡለት አባቴ ናቸው፤ ገብረ መስቀል አሉት። እኔ ደግሞ እዚህ ውጭ አገር በተወለደበት ሆስፒታል ቅጽ ላይ ሁለቱን ቃላት ለያይቼ ጻፍኋቸው። መዝጋቢዋ «ገብረ»ን የልጁ ስም፣ «መስቀል»ን የመካከለኛ ስም አደረገችው፤ እኔም ሳልመረምር ፈረምሁ። ትምህርት ቤት ሲገባ መምህራኑም ጓደኞቹም «ገብረ» ይሉት ጀመር። «ገብሬ» ቢሉት እንኳ ደህና ነበር፤ የቁልምጫ ስም ነው። «ገብረ» ግን በግዕዝ «የ… አገልጋይ» ማለት ነው፤ ዘርፉን፣ ማለትም የማን መሆኑን የሚነግረውን ተከታይ ቃል፣ የሚጠብቅ ነው። የማን አገልጋይ? መልሱ ተቆርጦ ቀረ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በገብረ፣ በወልደ፣ በኃይለ ወይም በተክለ የሚጀምር ስም ለልጃችሁ ካወጣችሁ፣ በላቲን ፊደል ስትጽፉ ክፍት ቦታ አትተዉ፤ አንድ ቃል አድርጉት። የልደት ምስክር ወረቀቱንም ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት። እኔ በኋላ ለማሳረም ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ ከርሜአለሁ። የሙስሊም ወገኖቻችንም ችግር ያው ነው፤ አብዱልቃድር «አብዱል» ሲባል እንዲሁ «የ… አገልጋይ» ተብሎ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ታሪኩንም ለልጁ ንገሩት። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነገሠው የአፄ ካሌብ ልጅ ገብረ መስቀል ይባላል። የአባትና የልጅ መቃብር ተብለው የሚታወቁት ሁለቱ ሕንፃዎች ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ በድንጋይ ደረጃ ይወረድባቸዋል፤ ግድግዳው ከተጠረቡ ትልልቅ ድንጋዮች የተገጣጠመ ነው። ከስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ ቅዱስ ላሊበላ ሲነግሥ ይህንኑ ስም የዙፋን ስሙ አደረገው።

የእኔ ልጅ ደጋግሞ የሚያስነግረኝ ግን የቅዱስ ያሬድን ነው። ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እየፈሰሰ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ልጄ ይህን በሰማ ቁጥር የራሱን እግር ያያል፤ «ንጉሡ እንደ እኔ ነው የሚባለው?» ይለኛል። አዎ፣ ሙሉውን።

አባቴ ከአገር ቤት ሲደውሉ «ገብረ መስቀል አለ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። እርሱም «አቤት አባባ» ብሎ ስልኩን ከእጄ ይነጥቀኛል።