በር አንኳኪው ይመልሳል፦ በምርጫ ሰሞን ሰውን ማሳመን የሚቻለው እንዴት ነው?

በር አንኳኪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቃሌን ጠብቄ መጥቻለሁ፤ ስለ አሜሪካ ምርጫ ቅስቀሳ የምትጠይቁኝን እጄ እስኪዝል እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከ2012 ጀምሮ በየምርጫው ቤት ለቤት እየዞርኩ እቀሰቅሳለሁ። ለሁለቱም ፓርቲ ዕጩዎች ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን ይሰድበኛል። ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ የአገር ቤት ፖለቲካ አታስገቡብኝ። ሁለተኛ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁ ሰዎች፣ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ቢሮ) ስትሄዱ "ለምርጫ እንመዝግብህ?" ሲሏችሁ "አዎ" እንዳትሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ከአገር ያስወጣል። ዛሬ ስንት ጊዜ እንደምደግመው እናያለን።

ቡኒት፦ ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩን። በር አንኳኩተው የሰው ሐሳብ ቀይረው ያውቃሉ?

በር አንኳኪ፦ በጣት የሚቆጠር። ይሄን ስናገር የካምፔን ሰዎች አይወዱትም። ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ሥራ 49 የመስክ ሙከራዎችን አንድ ላይ አዩ። ሁለቱ ፓርቲዎች ፊት ለፊት በሚገጥሙበት በዋናው ምርጫ፣ ፍላየሩም፣ ስልኩም፣ ማንኳኳቱም የሰውን ምርጫ በመቀየር በኩል አማካይ ውጤታቸው ዜሮ ሆነ። ዜሮ!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውየው ስሙን የማያውቀው ዕጩ እንኳ ቢሆን ፓርቲውን ያውቃል። አንተ ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሩ ላይ ስትቆም እሱ ልቡን ሰጥቶ ጨርሷል። ፓርቲ የማይለያቸው ሰዎች ሲወዳደሩ፣ ለምሳሌ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ ነገሩ ይለያል። እዚያ ሰው ገና አልወሰነም፤ አንድ ጥሩ ወሬ ሚዛኑን ሊያነሳው ይችላል።

ታዲያ ለምን አንኳኳለሁ? የራሳችንን ሰው ከቤት ለማስወጣት። አለን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1998 በኒው ሄቨን ከተማ 30 ሺህ ያህል የተመዘገቡ መራጮችን በዕጣ ከፋፍለው ሞከሩት። ገሚሱ ሰው በአካል ሄደበት፣ ገሚሱ ተደወለለት፣ ገሚሱ ደብዳቤ ደረሰው። በአካል የተጠየቀው በርከት ብሎ ወጣ። ደብዳቤው ትንሽ ረዳ። ከገንዘብ ተከፋይ ደዋዮች የመጣው ስልክ ግን ምንም አልፈየደም።

እኔም ዋጋ ከፍዬ ነው የገባኝ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቤት ገብቼ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ ቀረጥ ሰበክሁ። ሻይ አቀረቡልኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡኝ። ስጨርስ "ልጄ፣ እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት መርጫለሁ" አሉኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀድሞ መምረጥ የሚጀመረው ከ45 ቀን በፊት ነው። ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው "መርጠዋል ወይ?" ብዬ ነው።

ኡበር ነጂ፦ ምን ብለህ ነው ታዲያ የምታስወጣቸው? ቃል በቃል ንገረን።

በር አንኳኪ፦ ጥሩ። "ምረጡ፣ መብታችሁ ነው" አትበል። ሁሉም "እሺ" ይልሃል፣ ማንም አይሄድም። ሰዓቱን ጠይቅ። "ስንት ሰዓት ነው የምትሄጂው? ከሥራ ወይስ ከቤት ተነስተሽ? ልጆቹን ማን ይይዝልሻል?" በ2008 በፔንሲልቬንያ የፓርቲ ውስጥ ምርጫ ላይ ይሄው በስልክ ተሞክሯል። ዕቅዱን በአፉ የተናገረው ሰው ከሌላው ይልቅ ወጣ፤ በተለይ ቤቱ ውስጥ ሌላ መራጭ የሌለው።

የኛ ሰው መልስ ደግሞ የታወቀ ነው። "እግዚአብሔር ካለ።" ይሄ "አልሄድም" ማለት ነው፤ ተሸውጄ አውቃለሁ። አሁን "እሱስ ይላል፤ ከሥራ በፊት ነው ከሥራ በኋላ?" እላለሁ። ይስቃሉ፤ ከዚያ ሰዓቱን ይነግሩኛል።

ዳላስ 77፦ መራጭን ለማሳመን ዋናው ዘዴ ምንድን ነው?

በር አንኳኪ፦ የትኛውን መራጭ? የት? ለየትኛው ምርጫ? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

የአናንዴል ልጅ፦ ግሪን ካርድ አለኝ። ለፕሬዚዳንት እንደማልመርጥ አውቃለሁ። ለትምህርት ቦርድ ግን ችግር የለውም አይደል?

በር አንኳኪ፦ ችግር አለው! ቨርጂኒያ ውስጥ ለምንም አትመርጥም። አትመዝገብ። በስህተት ተመዝግበህ ከሆነ ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር፤ እኔን አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ጋሼ፣ ላርምዎት። ሜሪላንድ ውስጥ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል።

በር አንኳኪ፦ እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። እሱ ግን የከተማው የራሱ መዝገብ ነው። እዚያ የምትኖሩ ከተማውን ጠይቁ፤ የዋትስአፕ ግሩፕ አትጠይቁ። ቨርጂኒያ አይሞከርም። በነገራችን ላይ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በበጎ ፈቃድ መቀስቀስ ይችላል። በር ማንኳኳት ዜግነት አይጠይቅም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ የምትሉት ሁሉ ደህና ነው፤ ግን ሰውን የሚያሳምነው የቴሌቪዥን ክርክር ነው። ኬኔዲ ኒክሰንን በመልኩ አይደል ያሸነፈው?

በር አንኳኪ፦ መጣች ደግሞ ይቺ ወሬ። የ1960ውን ክርክር በሬዲዮ የሰማው ኒክሰን አሸነፈ አለ፣ በቴሌቪዥን ያየው ኬኔዲ አለ ይባላል። ማስረጃው ሳሳ ያለ ነው። ክርክር በብዛት የሚያየው አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው፤ የራሱን ቡድን ሊደግፍ ነው የተቀመጠው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ 97ን አላዩም ማለት ነው! ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ ሰፈሩ ሁሉ ጭር ይል ነበር። እኛ ቤት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር የሚያየው። በሚያዝያ 30 መስቀል አደባባይ የወጣው ሕዝብ ከየት መጣ?

ኡበር ነጂ፦ ሚያዝያ 29 ደግሞ የገዢው ፓርቲ ሰልፍ እዚያው አደባባይ ላይ ነበር፤ ጢም ብሎ ሞልቶ። ሁለቱም ቀን የወጣ ሰው አውቃለሁ፤ አንዱን ቀን ለአበል፣ ሌላውን ለልቡ። በሰልፍ ብዛት ምንም አይለካም።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ያንተ ዘመዶች ይሆናሉ አበል የበሉት።

ኡበር ነጂ፦ ዘመዶቼን ተው።

በር አንኳኪ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! አገር ቤት አታስገቡ ብዬ ነበር። አንዴ ስለገባን ግን አንድ ነገር ብዬ እዘጋዋለሁ። ያ ክርክር የኑሮው ነገር ያንገሸገሸውን ሰው አዲስ ነገር አላሳመነውም። ያደረገው ሌላ ነው። ሰው ተቃዋሚና ባለሥልጣን ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሟገቱ አየ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ ስለዚያው ሲወራ ሰማ። ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም የማስበው አለ። ግንቦት 7 አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ሲወስድ፣ ሐሳብ ከመቀየር ይልቅ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነበር የሚመስለኝ። በቃ። ቀጣይ።

ዝምተኛዋ፦ ፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ደብዳቤ አገኘሁ፤ ባለፈው ምርጫ እንዳልመረጥኩ ይናገራል። ማን ነገራቸው? ፈራሁ።

በር አንኳኪ፦ አትፍሪ። ለማን እንደመረጥሽ ማንም አያውቅም። መምረጥ አለመምረጥሽ ግን ይመዘገባል፤ ሕጉ ያንን ዝርዝር ለዕጩዎችና ለፓርቲዎች ይፈቅዳል። እኔም ይዤው ነው የምዞረው።

ደብዳቤው ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። በ2006 ሚሺጋን ውስጥ 180 ሺህ ያህል ቤተሰቦች የተካተቱበት ሙከራ ተደረገ። አንዳንዱ ቤት የራሱንም የጎረቤቶቹንም ስም የያዘ ወረቀት ደረሰው፤ ማን እንደመረጠ፣ ማን እንደቀረ። ከታች፣ ከምርጫው በኋላ አዲስ ዝርዝር እንልካለን ይላል። ምንም ካልተላከለት ሰው 29.7 በመቶው መረጠ። ያ ወረቀት ከደረሰው 37.8 በመቶው። ለአንዲት ወረቀት ይሄ እጅግ ትልቅ ነው። ፈረንጆቹ ማኅበራዊ ጫና ይሉታል። እኛ ይሉኝታ እንለዋለን፤ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን።

እኔ ግን አልጠቀምበትም። የአንቺ ፍርሃት ነው ምክንያቱ። ብዙዎቻችን ያደግነው ቀበሌ ስም በሚመዘግብበት አገር ነው። ዝርዝር ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው ለኛ ቀስቃሽ አይመስለንም። አንዲት እናት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው "ስሜን ማን ሰጠህ?" ብለውኛል፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አዙሬ አሳያለሁ። "ይኸው፣ ስም፣ አድራሻ፣ የመረጡበት ዓመት፤ ሌላ የለም።" ያኔ ትከሻቸው ይወርዳል። ይሄን የሚያሠለጥኗችሁ የካምፔን ልጆች አይነግሯችሁም፤ አያውቁትማ።

ዳላስ 77፦ ፌስቡክስ? ያ ካምብሪጅ አናሊቲካ የሚባለው የምርጫ መረጃ ድርጅት የሰው አእምሮ ይቀይር ነበር ይባላል።

በር አንኳኪ፦ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርስ የፌስቡክ ተጠቃሚ መረጃ እጃቸው ገብቷል፤ ያ እውነተኛ ጥፋት ነው። ድርጅቱ በ2018 ተዘጋ። አእምሮ መቀየሩን ግን ለደንበኛ የሚሸጡበት ማስታወቂያ አድርጌ ነው የማየው።

አርሊንግተን፦ የ2021ዱን እንርሳው እንዴ? ቨርጂኒያ ላይ ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን አገረ ገዢ አድርገን ያስመረጥነው እኛ ሐበሾች ነን። ባይደንን ተበቀልነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ልክ ብለሃል!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ "እኛ" ስትል ማንን ነው? እኔም ሐበሻ ነኝ፤ የኔ ቤተሰብ የመረጠው ተፎካካሪውን፣ የባይደንን ፓርቲ ሰው ማክኦሊፍን ነው። ምክንያታችንን ታውቀዋለህ።

አርሊንግተን፦ አንቺ የሜሪላንድ ሰው ነሽ፤ ምን አገባሽ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሞቼ ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ናቸው። ይመለከተኛል።

በር አንኳኪ፦ ቁሙ። ልዩነቱ ከ63 ሺህ ድምፅ በላይ ነበር። ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ዘር አይጻፍም፤ የሐበሻን ድምፅ ለብቻው የቆጠረ የለም። ስለዚህ "እኛ ነን" የሚለውን ማንም አያረጋግጥልህም። ብዙ ሰው በውጭ ጉዳይ ተቆጥቶ ወጥቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያው በምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 2፣ ባይደን ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) እንደምትወጣ አስታወቀ። ሌላው ወገን ደግሞ በራሱ ሐዘን መርጧል። የዚያን የሰሜኑን ጦርነት ቁስል እዚህ አትከፍቱትም።

ለጥያቄያችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ሰውን ያስወጣው የካምፔን ፍላየር አልነበረም። የሚያውቀው ሰው ደውሎለት ነው። ፖል ላዛርስፌልድ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይሄንን በ1940 ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ካውንቲ ላይ አይተውታል። 600 ሰዎችን ከሜይ እስከ ኖቬምበር እየተመላለሱ ጠየቁ። ወዲያ ወዲህ የዞረው ጥቂት ነው። የዞረውን ደግሞ ከሬዲዮው ይልቅ ያዞረው ሰው ነው፤ የሥራ ባልደረባው፣ ጎረቤቱ፣ ሚስቱ። እኔ ከማላውቀው መቶ ቤት ይልቅ የአንድ ዕድር ጸሐፊ ብትተባበረኝ እመርጣለሁ። እሷ ስትደውል ስልክ የማያነሳ የለም።

ልጅ ነኝ፦ እናቴ ዜግነት በአማርኛ ተፈትና ነው ያገኘችው። እንግሊዝኛ አታነብም። አብሬያት ልግባ?

በር አንኳኪ፦ ትችላለህ። ማንበብ ያልቻለ ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ ይገባል፤ አሠሪዋ ወይም የሠራተኛ ማኅበሯ ተወካይ አይሁን እንጂ። አንዲት ቅጽ ያስሞሏችኋል። አንብብላት፣ የምትለውን ምልክት አድርግ። "እማዬ ይሄኛው ይሻላል" ማለት እዚያ ውስጥ ክልክል ነው። ቤት ስትገቡ ተጨቃጨቁ።

ተስፋ የቆረጠ፦ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል? ሥራ አስቀርቼ መሄድ አይዋጥልኝም።

በር አንኳኪ፦ ይሄን ጥያቄ በየበሩ እሰማዋለሁ። ኒውፖርት ኒውስ፣ ቨርጂኒያ፣ 2017። ለክልሉ ምክር ቤት ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሲመንድስ ተወዳደሩ። ተቆጠረ፣ ተደገመ፣ ፍርድ ቤት ሄደ። መጨረሻ 11,608 ለ11,608 ሆነ። ምን ያደርጉ? ጃንዋሪ 4፣ 2018 ሪችመንድ ላይ ሁለቱን ስም የፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ከትተው ከጎድጓዳ ሳህን ዕጣ አወጡ። ልክ እንደ እቁብ! ለያንሲ ወጣ። በዚያች ዕጣ የያንሲ ፓርቲ፣ ሪፐብሊካን፣ 51 ለ49 ሆኖ ምክር ቤቱን ያዘ። ያን ቀን ሥራ ያላስቀረ ሰው ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ የለም ትላለህ?

ተስፋ የቆረጠ፦ እሺ። ግሪን ካርድ ላይ ነኝ ግን።

በር አንኳኪ፦ ታዲያ ምን ልትሠራ ነው ከሥራ የምትቀረው?! ወንድሜ፣ አትመዝገብ! ሥራህ ሂድ!

ቡኒት፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ አብሬዎት ላንኳኳ ነው። ምን ይዤ ልምጣ?

በር አንኳኪ፦ የማይጠብ ጫማ፣ ውሃ፣ የስልክ ቻርጀር። ቢያንስ አንድ ሹራብ። በር ካንኳኳሽ በኋላ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በይ፤ ሰው በቀዳዳው ሲያይሽ አይደንግጥ። የኛ ሰው ቤት ከገባሽ ቡና መቅረቡ አይቀርም። አቦሉን ጠጪና አመስግነሽ ተነሺ። በረካን ከጠበቅሽ ሃያ በር ያመልጥሻል።