ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ፦ ወላጃቸውን በሕመም ላጡ ወጣቶች

ልጆቼ፣

በደሴ የለቅሶውን ቀናት ቅሬው፣ ማለትም የሰፈሩ ዕድር፣ ይሸከምላችኋል። ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩን ያመጣል፤ ጎረቤት ምግቡን በየተራ ያቀርባል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ተቀምጦ «አብሽሩ» ይላል። የምጽፍላችሁ ግን ድንኳኑ ተነሥቶ ዘመድ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሰው ሕይወትን የሚያይበት ዓይን የሚለወጠው ያኔ ነውና።

ለከርሞ ይባል የነበረው ሁሉ ድንገት አሁኑኑ ካልሆነ ያሰኛል። ትምህርት አቋርጦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ መግባት፣ የአባትን ቤት ሸጦ ከአገር መውጣት፣ በችኮላ ማግባት። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ገና አልረጋም። ኀዘን እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ያነበበው አይያዝለትም፣ የሩቁን ማመዛዘን ያቅተዋል። መመለሻ የሌለውን ውሳኔ ቢያንስ እስከ ሙት ዓመቱ አቆዩት። ትምህርቱ ከከበዳችሁ ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታችሁ ውጡ፤ ዝም ብሎ መቅረት መመለሻውን ያጠብባል።

«ቀድመን ሪፈራል ብንወስዳት ኖሮ» የሚለው ጸጸት የማይገባበት ቤት የለም። እወቁ፤ የደም ግፊት ሳያም ለዓመታት ልብና ኩላሊት ይጎዳል። የጉበት ካንሰርም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሆድ ሲነፋ፣ ከገፋ በኋላ ነው። ዛሬ የምታውቁትን ያኔ አታውቁም ነበር።

ስለዚህ የሕክምና ወረቀቶቹን አትጣሉ። ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ሂዱና ጠይቁ፦ የበሽታው ስም ምን ነበር? በስንት ዓመቷ ተገኘ? እኛ ልጆቿስ መመርመር አለብን? የትልቁ አንጀት ካንሰር ከሆነ የልጆች ምርመራ በ40 ዓመት፣ ወይም በሽታው በወላጅ ላይ ከተገኘበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይጀመራል። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ደሙን ያስመርምር፤ ቫይረሱ የሌለበትና ያልተከተበ ክትባቱን ይውሰድ። ቲቢ ከሆነ አብሮ የኖረ ሁሉ፣ ባያስልም፣ ጤና ጣቢያ ይታይ። ስኳር ከሆነ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምሱ ጠዋት ተለኩ፤ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ግፊት ስትለኩ ደግሞ ቡና ከጠጣችሁ 30 ደቂቃ ይለፍ፤ ሽንት ቤት ግቡ፣ 5 ደቂቃ ጀርባችሁን አስደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ክንዳችሁ በልብ ትክክል ይሁን። ዳገት ወጥታችሁ ወዲያው ከተለካችሁ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያለ ምክንያት ያስደነግጣችኋል። «እኔም እንደ እሷ እሞታለሁ» የሚለው ፍርሃት ሌሊት ሌሊት የሚያድገው ውጤቱን ስለማታውቁት ነው።

ገንዘቡ ላይ አጭር ልሁን። ሞቱን በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው ወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። በሟች ኤቲኤም ካርድ ገንዘብ አታውጡ፤ ለቀብር ቢሆንም ኋላ ወንድማማች የሚካሰሰው በዚያ ነው። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠብቁ። አበዳሪ ሲመጣ መጠኑን፣ ቀኑንና ምስክሩን ጻፉ እንጂ በኀዘን ላይ ሆናችሁ ምንም አትፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወራሽ ለሟች ዕዳ የሚጠየቀው በውርሱ ልክ ነው፤ ከደመወዙ አይደለም። ለአርባውም ሆነ ለሰደቃው አትበደሩ። ይሉኝታው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ሽማግሌ ወይም አንድ ሼህ ቀድማችሁ አማክሩና እሳቸው ይናገሩላችሁ።

ኀዘን እንደ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ በመሐል ሳቅም አለ። ከ6 ወር በኋላም ሥራ መሥራትና ሰው ማየት ካቃታችሁ፣ ወይም «እኔ ዋጋ የለኝም» የሚል ሐሳብ ሳይለቃችሁ ከዋለ ካደረ፣ ሕክምና ያስፈልገዋል። መኖር ካስጠላችሁ ደግሞ ቀን አትቁጠሩ፤ ያኑ ዕለት ለምታምኑት ሰው ተናገሩና አብራችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ለወንዶቹ በተለይ እላለሁ፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ኀዘኑ ወደ ጫትና መጠጥ ሲዞር ማንም በሽታ ብሎ አይጠራውም።

የቀረውን ወላጃችሁንም እዩት። ባል ወይም ሚስት በሞተ በመጀመሪያዎቹ ወራት የቀረው የመታመምና የመሞት አደጋው ይጨምራል። አንዱ ምክንያት ምግብና መድኃኒት መርሳት ነው፤ በአስታማሚነት ዘመን የራሱን ክትትል የተወም ብዙ ነው። የቀረውን ወላጃችሁን የሕክምና ካርድ ፈልጋችሁ የቀጠሮውን ቀን እዩ፤ አልፎ ከሆነ በዚህ ሳምንት ይዛችሁት ሂዱ።