አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ሳይደክም ነው ሊቅ የሆነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዘንድሮ ትምህርቱ ጭራሽ አልገባ ብሎኛል። አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም ትምህርት እንቢ ብሎት እመቤታችን ጽዋዓ ልቡና (የማስተዋል ጽዋ) አጠጥታው ሊቅ ሆነ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም ጥናቱን ትቼ በጸሎት ብቻ ብበረታ አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህ ጥያቄ ፈተና በቀረበ ቁጥር ይመጣል። ብዙዎች ከገድሉ የሚይዙት ጽዋውን ብቻ ነው። በፊት የነበረውንና በኋላ የመጣውን ይዘሉታል።

ልጁ ጊዮርጊስ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሰባት ዓመት ተቀምጦ ትምህርቱ አልሆንልህ አለው። አባቱ የቤተ መንግሥት ካህን ነበር፤ ወስዶ ሌላ ሥራ ሊያሲዘው ይችል ነበር። ግን ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን አልመልስም አለ። ጊዮርጊስም በገዳሙ ቀረ። ለመነኮሳቱ እህል ይፈጭ ነበር፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም እያለቀሰ ይለምን ነበር። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል። እኩዮችህ ቀድመውህ ሲያልፉ እያየህ እዚያው መቆየት ከወፍጮው ድካም ይብሳል። እርሱ ግን ጥሎ አልሄደም። ጽዋው የመጣው ለዚህ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላስ አረፈ? በጭራሽ! በ1416 ዓ.ም. የፈጸመውን መጽሐፈ ምስጢር ተመልከቺ። የሰባልዮስን፣ የአርዮስን፣ የንስጥሮስን ክህደት እያነሣ ከቅዱሳት መጻሕፍት እየጠቀሰ መልስ ይሰጣል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳያነብቡና ሳይመራመሩ አይጻፍም። በፍልሰታ ሌሊት የምትቆሚበት ሰዓታትም የእርሱ ድርሰት ነው። ስለ ሃይማኖት ተከራክሯል፣ ተከሷል፣ ታስሯል። ጸጋው ሥራውን አበዛበት እንጂ አላቀለለትም። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ተሰጠው ጸጋ ሲናገር “ከሁላቸው ይልቅ ግን ደከምሁ” ይላል (1ኛ ቆሮ. 15፥10)።

ስለዚህ ጥናትሽን ትተሽ “እመቤቴ ትግለጥልኝ” ማለት እምነት አይደለም፤ ስንፍናን በጸሎት መሸፈን ነው። ቃሉ ከበደሽ ይሆናል፤ ግን ዝም ብዬ ላይሽ አልችልም። ደግሞም ትምህርቱ የከበደሽ ተጠልተሽ አይደለም። ሰባት ዓመት ያልገባውን ልጅ እመቤታችን አልናቀችውም፤ አንቺንም አትንቅም።

ጸሎትሽን አትቀንሺ። ውዳሴ ማርያምሽን አድርሰሽ የሸሸሽውን ትምህርት ክፈቺ። ያልገባሽን ቦታ ምልክት አድርጊና የገባውን ጓደኛሽን ወይም መምህርሽን ጠይቂ። ነገሩ ተስፋ እስከ መቁረጥ ካደረሰሽ ደግሞ ብቻሽን አትያዢው፤ በዚህ ሳምንት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።