ከውርጩ ይልቅ ፀሐዩን ፍራ

አቦ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የአፈር ግድብ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ይናጋል ይላሉ። እኛ ሐረር አጠገብ ለመስኖ ትንሽ ግድብ ልንሠራ ነው። ሐሮማያ በኩል ውርጭ ይወርዳል፤ ያሰጋናል ወይ?» ነው ያልከው። በዚህ አካባቢ አነስተኛ የአፈር ግድቦች ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርህ።

የሰማኸው እውነት ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። የባሰው ግን ሌላ ነው። ቅዝቃዜው አፈር ውስጥ ሲገባ ከሥር ያለውን እርጥበት ወደ ላይ ይስባል። የተሳበው ውሃ በስስ በስሱ የበረዶ ንብርብር እየሠራ አፈሩን ያነሳዋል። ደለል የበዛበት አፈር ላይ ይኼ ይብሳል። ሙቀት ሲመጣ ያ ሁሉ ይቀልጣል። ላዩ ቀልጦ ሥሩ ገና በረዶ ከሆነ ውሃው መውረጃ ያጣል፤ ተዳፋቱም ጭቃ ሆኖ ይንሸራተታል። በደንብ የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር እንኳ ይኼ ሲደጋገምበት ውሃ የማሳለፉ ነገር 10 እጥፍ፣ አንዳንዴም 100 እጥፍ ሊጨምር ይችላል።

ግን ይኼ የካናዳና የሩሲያ ራስ ምታት ነው። እነሱ ጋ ቅዝቃዜው ከ1 ሜትር በላይ መሬት ውስጥ ይዘልቃል። የእኛ ውርጭ ጫት ያቃጥላል፣ ገበሬ ያስለቅሳል፤ ግን ረፋድ ላይ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ግድብ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት ጊዜ የለውም። ድሬዳዋ ቆላው ላይማ ወሬውም የለም።

እኛ ጋ የበረዶውን ሥራ የሚሠራው ፀሐይ ነው። ዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ ግድብ በዋልካ ተሠርቶ አናቱ ሳይለብስ በጋውን ሙሉ ባዶውን ከረመ። የበልግ ዝናብ ሊገባ ሲል ሄጄ አየሁት። የወደቀ የማሽላ አገዳ አንስቼ አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ውስጥ ሰደድኩት። አንድ ክንድ ሙሉ ገባ! ሳንጠግነው ዝናቡ ቀደመን። ዋልካው አብጦ ስንጥቁን እስኪዘጋ ውሃው አይጠብቅም። በሁለተኛው ቀን ከግድቡ በታች ውሃ መመንጨት ጀመረ። ጥርት ያለ ቢሆን ያን ያህል ባልደነገጥኩ። የሚወጣው ድፍርስ ነበር። ድፍርስ ከሆነ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው ማለት ነው። ወዲያው መልቀቂያውን ከፍተን ውሃውን አወረድን፤ የሚመነጭበት ቦታ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር ጫንንበት። ግድቡ ተረፈ፤ የዚያ ወቅት መስኖ ግን ቀረ። የገበሬዎቹ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ አፈሩን አስቀድመህ ፈትን። ሽምብራ የሚያህል ጓል ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣል፤ አታማስለው። 10 ደቂቃ ቆይተህ እይ። እንደ ጭስ እየተበተነ ውሃውን ካደፈረሰው፣ ያ አፈር ውሃ የሚበላው ነውና ላቦራቶሪ ሳይታይ እንዳትጠቀምበት። ከዚያው አፈር ደግሞ አርጥበህ ጣሳ ሙላና እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ተወው። ከጣሳው ጠርዝ በጣም ከሸሸ ግድቡንም እንደዚያው ያደርገዋል።

ስትሠሩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እየደለደላችሁ፣ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። ደረቅ አፈር ላይ ሮለር ማመላለስ ነዳጅ ማቃጠል ብቻ ነው። አናቱን 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጠጠራማ አፈር አልብሱት፤ ገጹን ሣር አስይዙት። ባሕር ዛፍ ግን አደራ! ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ ቱቦ ይሆናል።

ማስተንፈሻውን፣ ማለትም ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቦይ፣ ደግሞ አታጥብቡት። የ1998ቱን የድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ታስታውሳለህ። በላዩ ውሃ የፈሰሰበት የአፈር ግድብ ብዙ አይቆምም።

አፈሩን ከየት ልታመጡ እንዳሰባችሁ ንገረኝ። የብርጭቆውንም ፎቶ ላክልኝ፤ አብረን እናየዋለን።