«ፋብሪካ ካልገባን ምን ሠርተን እንኖራለን?» ላለችኝ ልጅና ለእኩዮቿ

በቅርቡ ደሴ ላይ በሒሳብ አያያዝ የተመረቀች አንዲት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን በገጠር ሥራ ያሳለፉ ሰው ነዎት፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ካልገባን ወሎ ላይ ምን ሠርተን እንኖራለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ አንድ የቆየ ቁጭቴን ስለቀሰቀሰብኝ መልሱን በጽሑፍ ማድረግን መረጥሁ። የምጽፈውም ለእሷ ብቻ ሳይሆን በቃሉ፣ በተሁለደሬ፣ በአምባሰል፣ በለጋምቦና በደላንታ ወረዳዎች ይህንኑ ለሚጠይቁ ሁሉ ነው።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከተደሰቱት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ሥራ የሚፈልጉ ልጆች በየወረዳው ሞልተው ነበርና መደሰቴ ትክክል ነበር እላለሁ። ይሁን እንጂ እንዲህ ባሉ ፓርኮች የሚሰፋው ልብስ ጨርቁ በአብዛኛው ከእስያ በጅቡቲ በኩል የሚገባ፣ ገበያውም ባሕር ማዶ ያለ ነው። ከወሎው ቦረናና ከወረኢሉ የመጡ ልጃገረዶች ለሦስትና ለአራት አንዲት ክፍል ተከራይተው ደመወዛቸውን ለቤት ኪራይና ለምግብ ሲያውሉት አይቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ከተማዋን ሲመታት፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን ደግሞ አገራችን አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ በኩል ታገኝ የነበረው ከቀረጥ ነጻ የአሜሪካ ገበያ ሲዘጋ፣ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ሕልውና እኛ ልናዝዘው በማንችለው ነገር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። ፋብሪካ አያስፈልግም የሚል ሰው አይደለሁም። የእኔ አሳብ ፋብሪካው የመንደሩን ምርት ተከትሎ መምጣት አለበት እንጂ፣ መንደሩ ልጆቹን ወደ ፋብሪካው እየላከ ባዶውን መቅረት የለበትም የሚል ነው። ይህን አሳብ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ኮረብታ ነው።

በ1970ዎቹ ማብቂያ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሠልጥኜ የተመደብሁት ቃሉ ነበር። የ1977ቱ ረኀብ ያጠፋው ሕዝብ ኀዘን ከየቤቱ ገና አልወጣም። ተራሮቹ ተራቁተው ዐለታቸው ወጥቶ ነበርና፣ በዓለም የምግብ ፕሮግራም በሚረዳው የእህል ለሥራ መርሐ ግብር ገበሬው እርከን ይሠራ ነበር፤ የአንድ ቀን ሥራ ክፍያም 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ነበር። በሁለት ዘንግ መካከል በወጠርነው ገመድ ላይ የውኃ ልክ አንጠልጥለን የእርከኑን መስመር እናወጣለን፤ ወንዶቹ መሠረቱን ይቆፍራሉ፣ ሴቶቹ ድንጋዩን በነጠላ አዝለው ዳገቱን ይወጣሉ። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር፣ ትንንሹ ከላይ ሆኖ ወደ ተራራው ትንሽ ጋደል ብሎ ካልተደረደረ የክረምቱ ጎርፍ ስለሚንደው፣ ያልጣማቸውን ድንጋይ መልሰው የሚያወጡ ጠንቃቃ ሽማግሌዎች ነበሩ። ብዙውን የሙያዬን ዕውቀት ያገኘሁት ከእነርሱ ነው። በአልቡኮ፣ ማይባር ሐይቅ አጠገብ በተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከየማሳው የሚታጠበውን አፈር ሲለኩ አይቻለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ግን የወንዙን ውኃ ቀለም አይተው አፈሩ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይነግሩኝ ነበር።

እርከኑን የሠራንበት ኮረብታ ከከብት ንክኪ ተከለለ። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሰንበሌጡ ወገብ ደረሰ፣ የተተከለው ጽድና ግራር ቆመ፣ ከሥሩ ደርቃ የነበረችው ምንጭም በበጋ መፍሰስ ጀመረች። እኛ ባለሙያዎች እንግዳ ሲመጣ የምናሳየው ኮረብታ ነበር። ነገር ግን ሣሩን ያለ ፈቃድ ማጨድ፣ የወደቀ እንጨት እንኳ መልቀም የተከለከለ ሲሆን፣ ጠባቂውም ደመወዙን የሚቀበለው ከመንግሥት ነበር። ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ እርከኑን የሠራች አንዲት እናት ፍየሏ ከለላው ውስጥ ተገኝታባት የተቀጣችውን የገንዘብ ቅጣት ለመክፈል ያችኑ ፍየል ስትሸጥ አይቻለሁ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ኮረብታው በየቅሬው፣ ማለትም በየመንደሩ የመረዳጃ ማኅበር፣ እንዲከፋፈልና እያንዳንዱ ቅሬ ድርሻውን እየጠበቀ ሣሩን እንዲያጭድ አመለከቱ። የበላዩ መሥሪያ ቤት የሰጠው መልስ ደኑ የመንግሥት ሀብት ስለሆነ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም የሚል ነበር። ያንን ደብዳቤ ይዤ የወረድሁት እኔ ነበርሁ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ካስነበቡኝ በኋላ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው መሄዳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በቀናት ውስጥ ሰው መጥረቢያውን ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ። ቀን ከሌት የሚቆርጠው፣ የሚሸከመው፣ በአህያ የሚጭነው ሕዝብ ድምፅ ሸለቆውን ሞልቶት ነበር። ከሚቆርጡት መካከል እርከኑን አብረን ከሠራን አንዱን፣ «ይህን እኮ በእጅህ ነው የተከልኸው» ስለው፣ «የመንግሥት ነበር፤ መንግሥትም ሄደ» ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። በንዴት አልተናገረኝም፤ የሚያውቀውን ነበር የነገረኝ። እንዲህ ያለው ጥፋት በዚያ ወቅት በወሎ በብዙ ቦታ ደርሷል።

ከዚያ ኮረብታ ማዶ ግን ከጥንት ጀምሮ የአንድ ቅሬ የሆነች ትንሽ ተረተር ነበረች። አፈሯ ሳሳ ያለ፣ ዛፎቿም ከእኛዎቹ የማይበልጡ ነበሩ። ሣሯ በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ በዕጣ ይከፋፈላል፤ እንጨቷ የሚቆረጠው ለቀብርና ቤት ለተቃጠለበት አባል ብቻ ነበር። መጥረቢያ የያዘው ሕዝብ በሥሯ እያለፈ ወደ እኛ ኮረብታ ሄደ እንጂ ከእሷ አንድ ግንድ አልነካም። ጠባቂም፣ ማስታወቂያም አልነበራትም። ቁጭቴ ይህ ነው፤ መፍትሔው ከመንደሩ መጥቶ ሳለ ደብዳቤ ተጽፎ ተመለሰ።

ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ መንገር አያስፈልገኝም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ውስጥ ሆኖ ሬሳውን በጋራ ይቀብራል፣ ጥሉን ያበርዳል፣ የታመመ ሰው ማሳ እንዳይበላሽ ጅጌ ይወጣለታል። የቀረ ይቀጣል፤ የሚቀጣውም የሚያውቀው ጎረቤቱ ስለሆነ ቅጣቱን አይክድም። በደርግ ዘመን ግን ገበሬውን ማልባና ወልባ በተባሉ የአምራቾች ማኅበራት ስናደራጀው ይህን ሁሉ ትተን ደንቡን ከላይ አወረድንለት፤ በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እነዚያ የአምራቾች ማኅበራት በአንድ ወቅት ፈራረሱ፣ በሬውና መሬቱም ተከፋፈለ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ብዙ ኮረብታ መልሶ አልብሷል፤ ዛሬ በየቦታው ከለላ ውስጥ ዘመናዊ ቀፎ ተደርድሮ ማየቴም ደስ ያሰኘኛል። የምሰጋው ማሩና ሣሩ የማን እንደሆነ በደንብ ሳይጻፍ እንዳይቀር ነው።

መንደር ትንሽ ስለሆነ ትልቅ ሥራ አይወጣውም የምትሉ ካላችሁ የህንድን የጉጃራት ገበሬዎች ታሪክ ተመልከቱ። ካይራ በተባለ አውራጃ ያሉ ላም አርቢዎች ወተታቸውን በርካሽ ከሚገዛቸው ነጋዴ ለመላቀቅ እ.ኤ.አ. በ1946 የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በየመንደሩ ያለው ማኅበር ጠዋትና ማታ የእያንዳንዱን ገበሬ ወተት ይለካል፣ ስቡን ይመረምራል፣ በጥራቱ መጠን ይከፍላል፤ ማቀነባበሪያው ፋብሪካ የእነዚሁ ማኅበራት ንብረት ነው። ዛሬ አሙል በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የተነሣው ከዚያ ነው። ፋብሪካው መንደሩን ተከትሎ መጣ ማለት ይህን ነው።

ወደ ሰሜን ወጣ ብለን ደላንታን እንመልከት። በወገል ጤና አካባቢ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል በዓለም የታወቀ ድንጋይ ነው። ልጆቻችን በገደል ላይ ጎድጓዳ ዋሻ እየቆፈሩ፣ አፈር ተደርምሶባቸው እየሞቱ ያወጡታል፤ ያወጡት ድንጋይ ግን አብዛኛው ጥሬውን ሆኖ አገር ለቆ ይሄድና የህንዷ ጃይፑር ውስጥ ተቆርጦና ተሞርዶ ትርፉ እዚያው ይቀራል። የወሎ ኦፓል ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው፤ ሲርስ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስታወት ይሆናል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ይህን ጠባዩን ያላወቀ ሰው ሲሞርደው ያበላሸዋል፤ የሚያውቀው ደግሞ ከገደሉ ላይ ያወጣው ልጅ ነው። የመሞረጃ ማሽን ትልቅ ሕንጻና ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በዚያች ከተማ ዐሥር ልጆች ተደራጅተው ሥራውን ቢማሩት እያንዳንዱ ድንጋይ ከወረዳው ሳይወጣ ዋጋው ይጨምራል።

ቅር የሚለኝ ነገር አለና ልናገረው። ዛሬ ብዙ ወጣት ማኅበር የሚያቋቁመው ብድር ለመውሰድ ነው፤ ገንዘቡ በተለቀቀ ማግስት ይካፈለውና ማኅበሩ በስም ብቻ ይቀራል። የእኛ ትውልድ የተሻለ ትዕግሥት ነበረው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን የእኛ ትውልድ መሬት ነበረው። እናንተ መሬት ከተሸነሸነ በኋላ የተወለዳችሁ፣ የአባታችሁ ሁለት ጥማድ ለአምስት ልጅ የማይበቃ ስለሆነ በጅቡቲዋ ኦቦክና በየመን በኩል ሳዑዲ ለመግባት ሕይወታችሁን ለአደጋ የምትሰጡ ናችሁና፣ ትዕግሥት ማጣታችሁን ብቻ መውቀስ ፍትሐዊ አይደለም። የአባቶቻችሁ ማሳ አይበቃችሁም፤ ለእናንተ የቀረው በየቀበሌው ያለው የወል መሬት፣ የተከለለው ኮረብታና ከሥሩ የሚወጣው ውኃ ነው። የሰኞን የባቲ ገበያ ሄዳችሁ እዩ፤ የደጋው እህልና የቆላው ከብት የሚገናኙበት፣ ማንም ከላይ ሳያቅደው በየሳምንቱ የሚሰበሰብ ገበያ ነው። የምታመርቱት ማርም ይሁን ድልብ በግ መጀመሪያ እንዲህ ያለ በእግር የሚደረስ ገበያ ይኑረው፤ ገዢያችሁ አንድ ብቻ ሆኖ እሱም ሩቅ ያለ እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

አንቺ ለጠየቅሽኝ ልጅ ደግሞ የምልሽ ይህ ነው። በየቅሬው ያሉ አባቶች መዋጮውን በቃል ይይዙታል ወይም በአንድ ደብተር ያሰፍሩታል፤ ታማኝነታቸው ባይጠረጠርም ቅሬው ማር ወይም ሣር ሸጦ ገንዘብ ሲያገኝ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ ለመጠባበቂያ ምን እንደቀረ፣ ለመሣሪያ እርጅና ምን እንደተቀነሰ የሚያሳይ መዝገብ ያስፈልገዋል። ይህ የተማርሽው ሙያ ነው። በአባትሽ ቀበሌ የተከለለ ኮረብታ መኖሩን ነግረሽኛልና ሽማግሌዎቹን አነጋግሪ፤ የወል ይዞታው በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሪ፤ የአጠቃቀም ደንቡን ከእነርሱ ጋር ሆነሽ ጻፊ፤ ወጣቶቹ ለቀፎ ሥራ፣ ከብት የሌላቸው ሴቶች ለሣር ሽያጭ ድርሻ እንዳላቸው በስም ይስፈር። ሣሩ የሚታጨደው ከመስከረም በኋላ ስለሆነ፣ ደንቡ በጠቅላላ ጉባኤው ጸድቆ በቀበሌው ማኅተም መደረግ ያለበት ከነሐሴ በፊት ነው።