እጀታውን የሚወለውለው ሰው

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። አንድ አጭር ልቦለድ ለአርታኢ ሰጥቼ አራት ጊዜ ተመልሶብኛል። በየጊዜው ኅዳጉ ላይ የምትጠብቀኝ ያችው ጥያቄ ናት፦ «ጭብጡ ምንድን ነው?» ታሪኩ እኮ ግልጽ ነው! እናታቸው ከሞተች በኋላ ሁለት ወንድማማቾች በቤት ውርስ ይጣላሉ። ጭብጡ ስግብግብነት ነው አልኩት፤ አልተዋጠለትም። በመጨረሻው ገጽ አንድ ሽማግሌ አስገብቼ ስለ ስግብግብነት አናገርኩ፤ ገጹን እንዳለ በቀይ ሰረዘው። ያላሳጠርኩት ነገር የለም። ታናሽየው እናቱ ክፍል በር ላይ ቆሞ፣ እጀታውን በመሐረቡ ወልውሎ፣ ሳይገባ የሚመለስባትን ትዕይንት እንኳ ታሪኩን አታራምድም ብዬ ሦስት ጊዜ አውጥቻታለሁ፤ ሳላስበው እየተመለሰች አስቸገረችኝ እንጂ። ሌሎች ደራስያን ጭብጣቸውን አውቀው ይጀምራሉ፤ እኔ ጽፌ ጨርሼም አላውቀውም። እንዲህ ያለ ሰው መጻፉን ቢተወው አይሻልም?

ብዕር የከበደኝ

መልስ

አይተዉም። ግን ተቆጥቻለሁ፤ ያቺን ትዕይንት እንዴት አስችሎዎት አወጧት? ሦስት ጊዜ ተባርራ ሦስት ጊዜ የተመለሰችው ሌላ መግቢያ ስላጣች ነው። ታሪኩ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ስግብግብነት ርዕሰ ጉዳይ ነው፤ የማንም ሊሆን ይችላል። ጭብጥ «ጨበጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ የእርስዎ ታሪክ ስለ ጉዳዩ የጨበጠው ነገር ማለት ነው። ስግብግብ ሰው ደግሞ እጀታ አይወለውልም፤ ቤቱን አስገምቶ ይሸጣል። ታላቅየው ድርሻውን እጥፍ ቢያደርግለት ታናሽየው ይፈርማል? እኔ አይፈርምም ባይ ነኝ። ቤቱ ከተሸጠ ያንን በር የማያውቀው ሰው ይከፍተዋል፤ እሱ ገና የእናቱን መሞት አልተቀበለም። ምናልባት እርስዎም ይህን ለመጻፍ ፈርተው ይሆናል፤ ከሆነ በራስዎ አይፍረዱ፣ አይቸኩሉም።

አውቆ ስለ መጀመር ላሉት፣ ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ለአሳታሚው ለሱቮሪን በጻፈው ደብዳቤ፣ ከጸሐፊ የሚጠበቀው ጥያቄን መፍታት ሳይሆን በትክክል ማቅረብ ነው ብሏል። የእርስዎ ሽማግሌ ማንም ያልጠየቃቸውን ሊፈቱ መጡ። አርታኢው ልክ ነው፤ ያሰናብቷቸው።

ትዕይንቷን ግን ይመልሱ። አንድ ጊዜ ብቻውን ሳለ፣ አንድ ጊዜ ታላቅየው እያየው፣ አንድ ጊዜ የሽያጩ ውል ኪሱ ውስጥ ሆኖ ይወልውል። በሩን ይክፈት አይክፈት አስቀድመው አይወስኑ፤ እጁ እጀታው ላይ እስኪያርፍ ይጻፉና ያን ጊዜ ይዩት።